የሚስስ ታርበል የሙሽርነት ሳጥን

ሚስስ ኦፓል ታርበል የተገኙት በገዛ የሙሽርነት ሳጥናቸው ውስጥ ነው። በጎናቸው ተኝተዋል፤ ጉልበታቸው ታጥፏል፤ ከራሳቸው ስር ትንሽ ትራስ አለች። ግንባራቸውና የቀሚሳቸው አንገትጌ ቀይ ነው። ጫማቸው ግን ውጪ ቀርቷል፤ ሳጥኑ አጠገብ፣ ግራና ቀኙ ተስተካክሎ።

ሳጥኑ የጥድ ነው፤ አባቶቻችን ለደረሰች ልጃቸው የሚገዙት፣ እሷም አንሶላና የገበታ ልብስ እያጠራቀመች ባሏን የምትጠብቅበት ዓይነት። ክዳኑ ሲወርድ በራሱ ይቆለፋል። ከውስጥ መክፈቻ የለውም።

«ግልጽ ነው» አለ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ ሃርላን ዲክስ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ። «ጭንቅላቷን ብሏታል። ከዚያ ከትቶ ዘግቶባታል።»

«ጫማቸውንስ?»

«የምን ጫማ?»

«አውልቆ፣ አስተካክሎ አስቀመጠላቸው? መቼም ጨዋ ገዳይ ነው።»

«ስትራውድ፣ ገና ቁርስ አልበላሁም። ቀልድህን አልችልም።»

ከበላያችን፣ ፎቅ ላይ፣ የጽሕፈት መኪና ይንጣጣል። ሚስት ምድር ቤት ሞተው ተኝተዋል፤ ባል ፎቅ ላይ ይጽፋሉ። ዲክስ ወደ ጣሪያው ቀና አለና «ዛሬ እንኳ አያቆምም?» አለ።

ዊንስሎ ታርበል ማቆም የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው በቃላት ቁጥር ለሚከፍሉ ርካሽ መጽሔቶች ጽፈዋል። ከዚያ በየመድኃኒት ቤቱና በየባቡር ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የሚሽከረከሩትን፣ ስስ ሽፋን ያላቸውን መጻሕፍት። ከመቶ በላይ የወንጀል ልቦለድ፣ በአምስት የብዕር ስም፤ ከአምስቱ አንዱ የሴት። የኒው ዮርክ ሃያሲዎች «የቋሊማ ማሽን» ይሏቸዋል። እነዚያ ሃያሲዎች ይስሙኝ፦ ነዳጅ ሲቀዳ የዋለ ሰው እንቅልፉን ትቶ የሚያነበው አንዲት ገጽ ከመካከላችሁ ማን ጽፏል?

እኔም ብሆን መጽሐፎቻቸውን አልወድም ነበር፤ ምክንያቴ ግን የሙያ ነው። በመቶውም ውስጥ ፖሊሱ ደደብ ነው። ይጮሃል፣ ይቸኩላል፣ ንጹሑን ያስራል። ፖርት አልዲን ደግሞ ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ ፀጉሬን ልስተካከል በተቀመጥኩ ቁጥር «ክሌም፣ አዲሱን ታርበል አነበብከው? አንተን እኮ ነው!» የሚለኝ አላጣም።

ሬሳውን አግኝታ የደወለችው ልጃቸው ሎርና ናት፤ አርባ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከጎረቤት ከተማ የምትመጣ ነርስ። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ዛሬ ጠዋት ስመጣ እናቴ የለችም። ቤቱን ሁሉ አየሁ። በመጨረሻ ሳጥኑን ከፈትኩ።»

«ለምን ሳጥኑን?»

የጠረጴዛውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረች።

«ሚስ ታርበል፣ ሰው እናቱ ስትጠፋ የጎረቤት በር ያንኳኳል። ሳጥን አይከፍትም።»

«እንጃ። ከፈትኩት።»

«ትናንት ዓርብ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«አባትሽን ማነጋገር አለብኝ።»

ተነስታ የደረጃውን መንገድ ዘጋችብኝ። «አሁን አይሆንም። ሐዘን ላይ ነው። ሲያዝን ይጽፋል። እባክህ መርማሪ፣ አትንካው!»

ልመናዋ ከሐዘንም በላይ ነበር፤ ፍርሃት ነበረበት። ለጊዜው ተውኳት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ላይል ሳንደርን ነው። ከኒው ዮርክ የመጣ የአሳታሚው ሰው ነው፤ ሐሙስ ዕለት የታርበልን በር በኃይል ዘግቶ ሲወጣ መንገደኛ አይቶታል። ሆቴሉ ውስጥ ሻንጣውን ሲያስር ደረስኩበት።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ። «ከእሳቸው ጋር አይደለም፤ ከሚስታቸው ጋር። ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ አልላኩልንም! በየወሩ አንድ የሚልኩ ሰው! እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ 'በፀደይ ይደርሳችኋል' ትላለች። ላያቸው ብል ከለከለችኝ።»

«የመጨረሻው መጽሐፍ እንዴት ነበር?»

ፊቱን አዞረ። «አላተምነውም።»

«ለምን?»

«ገዳዩ...» አለና ወደ መሬት አየ። «በመጨረሻው ምዕራፍ የተያዘው ገዳይ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞቶ የተቀበረ ሰው ነው። አራሚዎቻችን ስቀው ሊሞቱ! እኔ ግን አልሳቅኩም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ጽሑፍ እንድወድ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ትናንት ዓርብ የት ዋልክ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ዓሣ ጥብስ ላይ። አስተናጋጇ አልለቅ ብላኝ እስኪመሽ። አዛዥህ እኮ አጠገቤ ነበር፤ የኔን የጎመን ሰላጣ ጭምር በላው።»

ጣቢያ ተመልሼ ዲክስን ጠየቅኩት። ሰላጣውን አመነ።

«እሱን ተወው» አለኝ። «ልጅቷ ዋሽታለች። ዓርብ ምሽት መኪናዋ የታርበል ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎረቤታቸው ሚስስ ፕሩዊት በዓይኗ አይታለች። ሳጥኑ ላይ የልጅቷ የጣት አሻራ ሞልቷል። ከመምሸቱ በፊት እንድታስራት።»

«አሻራዋማ ይኖራላ፤ የከፈተችው እሷ ናት።»

«ስትራውድ፣ ከተማው ይጠይቀኛል። እሰራት አልኩህ።»

ስልኩ ጠራ። አስከሬኑን የመረመረው ዶክተር ፌን ነው፤ ሽማግሌ፣ ቁጡ፣ ጥሩ ሐኪም።

«ማነው ጭንቅላቷን ተመታለች ያለው?»

«አዛዡ።»

«በለው እንግዲህ፣ ያ ደም አይደለም። ቀይ ስር ነው።»

«ምን አልክ?»

«ቀይ ስር! የምንበላው! ጭማቂው ነው የተቀባችው። ጭረት እንኳ የላትም። አየር አልቆባት ነው የሞተችው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ክሌም... የሁለቱም እጆቿ ጉልጥምት ተልጧል። አንኳኩታለች። ብዙ አንኳኩታለች።»

መቼ እንደሞቱም ጠየቅኩት። ነገረኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

በገዛ እግራቸው ገብተዋል፤ ትራስ ይዘው፤ ጫማቸውን አውልቀው፤ ግንባራቸውን ቀይ ስር ተቀብተው። ይህን የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የነገረችኝ ሚስስ ፕሩዊት ናት። ግቢዋ ቅጠል እየጠረገች ነበር።

«ጩኸቱን? ሰምቻለሁ እንጂ!» አለች። «ዓርብ ከሰዓት ነው። 'ዊን! ዊን!' ትላለች፤ ትደበድባለች። ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል ብዬ ነበር።»

«ሰምተው ዝም አሉ?»

«ኧረ መርማሪ፣ እንዲህ አትየኝ! የታርበል ቤት እኮ ነው። ዊንስሎ በእጁ ያልሞከረውን ግድያ አይጽፍም። 'ሊሆን የማይችል ነገር ለአንባቢ መሸጥ ሌብነት ነው' ይላል። ሬሳዋ ሁልጊዜ ኦፓል ናት። ደረጃ ላይ ወድቃ አይቻታለሁ። የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ። አንዴ እንዲያውም አጥሬ ላይ ተንጠልጥላ፣ 'ሚልድረድ፣ የድስቴን እሳት ታጠፊልኛለሽ? ከሰዓት በኋላ ድረስ ገና ሙት ነኝ' አለችኝ። ከዚያ እሱ ይመጣል፣ ያገኛታል፣ እጇን ይዞ ያነሳታል። ሁለቱም እንደ ልጅ ይስቃሉ። እንደነሱ የተዋደደ ባልና ሚስት...»

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። የነገረችኝ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«የምሯን ነበር?» አለች። «መርማሪ፣ የምሯን ነው የጮኸችው?»

መጥረጊያውን አንስቼ አጥሩ ላይ አስደገፍኩላት።

«አዲሷ ተከራዬ ፈርታለች» አለች እያለቀሰች። «አስተማሪዋ። የቤቱን ነገር አታውቅም። ለእናንተ ደውላለች። መጥታችሁ ይሆናል ብዬ...»

ማንም አልሄደም። ጣቢያው ስደርስ ተረኛው ሳጅን ሆብ ሳንድዊች ይገምጣል።

«ዓርብ ከታርበል ቤት ጎረቤት ስልክ ተደውሎልሃል?»

«አዎ፣ አንዲት ሴትዮ። 'ሰው እየጮኸ ነው፣ ድረሱ' ትላለች።» ፈገግ አለ። «'አይዞሽ እመቤቴ፣ ነገ ደህና ትሆናለች፤ ምዕራፍ አራት ላይ ናቸው' አልኳት። አዲስ ሰው መሆኗ ያስታውቅ...»

ሳንድዊቹን ከእጁ ነጥቄ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የሠራሁት ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ግን አልጸጸትበትም።

«ክሌም! ምን ነካህ? ትእዛዝ ነው እኮ! ሦስት ጊዜ በከንቱ ከሮጥን በኋላ አዛዡ ነው ለእኛ ለተረኞች ብቻ ያዘዘው፤ ከታርበል ቤት ጩኸት ከተሰማ መኪና አይላክ ተብሏል!»

ታርበል በመቶ መጽሐፍ ፖሊስ ደደብ ነው ብለው ጻፉ፤ እኔም በመቶው ተቆጣሁ። ታዲያ ምን ዋሹ?

የዲክስን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ።

«ሎርናን አላስርም። ከፈለግክ ራስህ እሰራት፤ ግን ዓቃቤ ሕጉ ዘንድ ቀድሜህ እደርሳለሁ። አንዲት ሴት እየጮኸች ስልክ ተደውሎልን ሳንሄድ የቀረነው በማን ትእዛዝ እንደሆነ እነግረዋለሁ። አንተ ያኔ የሰው ሰላጣ ትበላ ነበር።»

ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ። «ታዲያ ማነው የዘጋባት?» አለ በቀስታ።

«ልጠይቅ እየሄድኩ ነው።»

ሎርና አሁንም ወጥ ቤት ነበረች። መብራት አላበራችም። ፊቷን ሳላይ ጀመርኩ፦

«እናትሽ ራሳቸው ገብተዋል። ለሙከራ። የሚከፍትላቸው ሰው ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት አንድም መጽሐፍ አልጨረሰም፤ የሞተውንና ያልሞተውንም መለየት ትቷል።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁባት» አለች ወዲያው። «ተጣልተን ነበር። ውሰደኝ።»

«ሎርና።»

«ውሰደኝ አልኩህ! እዚያ የመንግሥት የእብድ ቤት ሠርቻለሁ፤ ሽማግሌዎችን እንዴት ከወንበር ጋር እንደሚያስሩ አይቻለሁ። አባቴ እዚያ ከሚገባ እኔ እስር ቤት እገባለሁ። ጻፈው፣ እፈርማለሁ።»

«ዓርብ ምሽት መጥተሻል።»

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ያዳመጥኩት ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ስመጣ እዚህ ቁጭ ብሎ ሾርባ በቀዝቃዛው ይበላል። 'አባዬ፣ እማዬስ?' አልኩት። 'ሞታለች፤ ሳጥን ውስጥ ናት' አለኝ። ሳቅኩ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለኝ፦ 'እናትሽ ገንዳ ውስጥ ታንቃለች፣ ኩኪሱ ምድጃ ላይ ነው።' ጓደኞቼ አባታቸው 'ገበያ ሄዳለች' ይላቸዋል፤ የኔ እንዲህ ይል ነበር። ታዲያ ሳቅኩ! ግንባሩን ሳምኩት። ሱቅ ሄዳ ይሆናል፣ ነገ እመጣለሁ ብዬ ሄድኩ። ጠዋት መጥቼ 'እማዬስ?' አልኩት። 'ነገርኩሽ እኮ' አለኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። እዚያም ላይ የጽሕፈት መኪናው።

«ነገረኝ፣ መርማሪ። በሕይወቱ አንዴ እውነቱን ነገረኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እዚህ ቆሜ ስስቅ... ያን ጊዜ ገና... ትሰማኝ ነበር?»

ነርስ ናት፤ ዓይኔን ታነባለች። ዶክተር ፌን ሰዓቱን ነግሮኝ ነበር።

«አልነበሩም» አልኳት። «ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።»

አመነችኝ ወይስ ላለመፍረስ ብላ ተቀበለችኝ፣ አላውቅም።

«እሱስ? ትወስደዋለህ?»

«መዝገቡ ላይ አደጋ ብዬ እጽፋለሁ፤ አደጋም ነው። ግን ላነጋግራቸው ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ወይ አንቺ፣ ወይ ያ ቤት። ልትችይው ትችያለሽ ወይ? እናትሽን የዘጋባቸውን ሰው ሾርባ እያበላሽ?»

«አላውቅም» አለች። «እግዜር ያውቃል፣ አላውቅም።»

ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ዊንስሎ ታርበል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ በሸሚዝና በሱሪ ማንጠልጠያ፣ በሁለት ጣት ይመታሉ፤ ፈጣን፣ የተካነ አመታት። ተጠግቼ አየሁ። መኪናው ላይ ወረቀት አልነበረም።

«ግባ፣ ግባ» አሉኝ። «ጋዜጠኛ ነህ?»

«መርማሪ ነኝ። ክሌም ስትራውድ፣ ከጣቢያው።»

«እውነተኛ ፖሊስ!» ፊታቸው በደስታ ፈካ። «ስለናንተ ብዙ ክፉ ጽፌያለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ለሴራ አንድ ደደብ ያስፈልጋል፤ ፖሊስ ደግሞ ደራሲን አይከስም። ተቀመጥ። ምን ልርዳህ?»

ይህን ሰው እንዴት እንደምጠይቅ ከወጥ ቤት እስከዚያ ድረስ አስቤ አላገኘሁም ነበር። አሁን ገባኝ።

«አንድ ጉዳይ ከብዶኛል» አልኳቸው። «አንዲት ሴት ሳጥን ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጫማቸው ውጪ፣ ተስተካክሎ።»

ወደ ኋላ ተደገፉ። ዓይናቸው ጠራ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማወራው ከማን ጋር እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ይህ ሰው መቶ ገዳይ የያዘ ሰው ነው።

«ጫማዋን ያወለቀች ራሷ ናት። አንሶላዎቹ እንዳይቆሽሹ። የራሷ ሳጥን ነው። ሌላስ?»

«ትራስ ይዘዋል።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው የገባችው፤ የሚመቻት ፈልጋለች። ፈርታ አልነበረም። ሌላ?»

«ግንባራቸው ላይ ደም አለ። ግን ቀይ ስር ነው።»

«እንግዲያው ጨዋታ ነው!» ጠረጴዛውን መቱ። «ጨዋታ ከሆነ ተጫዋች ሁለት ነው። መጥቶ የሚከፍትላት ነበር። የምታምነው። እሱን ፈልግ፣ ልጄ፤ ጉዳይህ አለቀ። ለምንድነው ያልከፈተው? ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችውም።»

«ውርስ?»

«አይደለም። ይወዳቸዋል።»

«ታዲያ?»

«ረሳ» አልኳቸው። «ሥራውን ለመቀጠል ወደ ፎቅ ወጣ። ረሳት።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ተቆጡ፤ የምራቸውን ተቆጡ፣ እኔ እንደምቆጣው።

«ረሳ! ይሄ መልስ ነው? ሠላሳ ዓመት እንጀራዬ ይሄው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብጽፍ አንባቢ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ይወረውረዋል፤ ደግም ያደርጋል! ሰው ቁልፉን ይረሳል፣ ባርኔጣውን ይረሳል። ሰው ሚስቱን አይረሳም!»

ሚስቱ ናት ብዬ አልነገርኳቸውም ነበር።

እጃቸው ከቁልፎቹ በላይ አየር ላይ ቆመ። አንድ ነገር ከሩቅ እየመጣ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ግንባራቸው ተኮማተረ፣ ከንፈራቸው ተከፈተ። ለመሸሽ እንደሚፈልግ ሰው ወደ በሩ ተመለከቱ። በሕይወቴ ሰው ሲያዝ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲያዝ ግን አላየሁም።

«ኦፓል ትምጣ» አሉ። «የታሪኬን ቀዳዳ የምታገኝልኝ እሷ ናት። ኦፓል!»

ወደ ደረጃው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኦፓል! ነይ እስቲ! ይሄ ሰው ግራ አጋባኝ! ኦፓል!»

ልነሳ አልኩ። ልነግራቸው፣ እጃቸውን ልይዝ፣ ምን እንደሆነ እንጃ። ታች ወጥ ቤት ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ አንድ ሰው በእሱ ውስጥ ሙሉ ዕድሜውን የሚወስንበት ዓይነት።

«አቤት ዊን» አለች ሎርና ከታች፣ በእናቷ ድምፅ። «መጣሁ።»

የደረጃው እንጨት ሲጮህ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትከሻቸው ወረደ፤ ግንባራቸው ተፈታ፤ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ» አሉኝ። «አሁን ገዳዩን ታገኝልሃለች።»